ስለ ጣና ሰማይና ስለ ትንሿ ሣጥን

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ አይሮፕላን መሣሪያ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይህን የመሰለውን ጉዳይ ለምሕንድስና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መተው ይገባ ነበር ይባል ይሆናል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የሚበረው መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴውም፥ ቄሱም፥ ታማሚውም፥ ተማሪውም ይሳፈራል። ደግሞም መሣሪያን መሣሪያ የሚያደርገው ብረቱና ሽቦው ብቻ ሳይሆን የያዘው ሰው ልማድና አስተሳሰብ ጭምር ነው። ስለ ልማድና ስለ አስተሳሰብ መናገር ደግሞ ከእኛ ትምህርት ውጭ ነው ያለን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭ አገር አነስተኛ አይሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ከእጅ መዳፍ ብዙ የማትበልጥ ሣጥን ገዝተው በጋቢናቸው መስታወት ላይ ማስቀመጥ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ሣጥኗ በአካባቢው የሚበሩት ሌሎች አይሮፕላኖች የት የት እንዳሉ ትሰማና፥ በአብራሪው ጉልበት ላይ በታሰረው ታብሌት ታሳየዋለች። አሠራሩ አስማት የለበትም። ዛሬ ብዙ አይሮፕላኖች ያሉበትን ስፍራ በጂ.ፒ.ኤስ. ያውቁና፥ ስፍራቸውን፥ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን በ1090 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ለሰማ ሁሉ ያውጃሉ። ይህ አዋጅ ኤ.ዲ.ኤስ.-ቢ. ይባላል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቁጥጥር ባለበት ሰማይ በአብዛኛው የሚበር ሁሉ ይህን አዋጅ እንዲናገር በሕግ ተገዷል። ሣጥኗ እንግዲህ የአዋጁ ሰሚ ናት። በስዊስ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ፍላርም የተባለው መሣሪያ በመጀመሪያ የታሰበው ሞተር ለሌላቸው ተንሸራታች አይሮፕላኖች ነበር፤ ሁለት ፍላርሞች መንገዳቸውን ይነጋገሩና ግጭት የሚመጣ መስሎ ሲታያቸው ይጮኻሉ። ስካይኤኮ የሚባለው ይሰማል፥ ይናገራልም። ስትራተክስ የሚባለው ግን ዕቅዱ ለሁሉ የተገለጠ በመሆኑ፥ ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ርካሽ ኮምፒዩተርና በትንሽ የሬዲዮ መቀበያ እጁ የተፍታታ ተማሪ ሁሉ ሊገጣጥመው ይችላል። የአማርኛ ስም አልወጣለትምና እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጎረቤት አመልካች» ብለነዋል። የተሻለ ስም ያለው ቢልክልን ደስ ይለናል።

ታላላቆቹ አይሮፕላኖች ይህን ያህል የሚያሳስባቸው ነገር የለም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፥ ክብደቱ ከ5,700 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ወይም ከ19 መንገደኛ በላይ የሚይዝ የተርባይን ሞተር አይሮፕላን ሁሉ የግጭት መከላከያ መሣሪያ እንዲኖረው ያዛል። ያ መሣሪያ ከአይሮፕላኑ ጋር የተገጠመ፥ ከሌላው አይሮፕላን መሣሪያ ጋር ተነጋግሮ «አንተ ውጣ፥ አንተ ውረድ» ብሎ የሚያዝ ነው። ሴስና ካራቫን የተባለው፥ በአገራችን ለኮንትራት በረራ የሚሠራበት አይሮፕላን ግን ሞልቶ ሲነሣ እንኳ ክብደቱ ከ4,000 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ስለዚህ ደንቡ ሳይነካው ያልፋል። ከእርሱ ያነሱትንማ ማን ያስታውሳቸዋል? ደንብ አውጪዎቹ በሰው ቁጥር አስልተው ይሆናል፤ ዳሩ ግን በትንሽ አይሮፕላን የተሳፈረ ሰው ነፍሱ ትንሽ ናት የሚል ሕግ የትም አላየንም።

አንባቢ ሆይ፥ «የጣና ሰማይ ሰፊ ነው፤ ሐይቁ ብቻውን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ሁሉ ስፋት ሁለት አይሮፕላን ምን ያገናኛቸዋል?» ትለን ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን አይሮፕላኖች በሰማይ ላይ እንደ ተዘራ ጤፍ እኩል የሚበተኑ አለመሆናቸው ነው። ሁሉም የሚነሡትና የሚያርፉት በአንድ ማኮብኮቢያ ነው። ጎብኚ የያዘም ቢሆን የሚሄድበት የታወቀ ነው፤ ወይ ወደ ዘጌ፥ ወይ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት፥ ወይ ወደ ጢስ ዓባይ። እስቲ ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የመብራት ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በክረምት ካልሆነ በቀር የቀድሞ ግርማውን ያጣ ፏፏቴ ነው። ቢሆንም ሰው ሊያየው ይመጣል። ሁለት ትናንሽ አይሮፕላኖች በአንድ ሰዓት ወደዚያ ቢደርሱ ምን ያደርጋሉ? ሁለቱም ዝቅ ይላሉ፤ ሁለቱም በፏፏቴው ዙሪያ ይዞራሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ካሜራቸውን ያወጣሉ፤ አብራሪዎቹም «ያውላችሁ፥ በስተግራ ተመልከቱ» እያሉ እነርሱም ቁልቁል ይመለከታሉ። ሰማዩን የሚመለከት ማን ቀረ?

ይህ የእኛ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1956 በአሜሪካ ግራንድ ካንየን በተባለው ታላቅ ገደል ላይ ሁለት የመንገደኛ አይሮፕላኖች ተጋጭተው የነበሩባቸው 128 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። መርማሪዎቹ አብራሪዎቹ በጊዜ ሳይተያዩ መቅረታቸውን ዋና ምክንያት አድርገው ሲጽፉ፥ ላለመተያየታቸው ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱ ለተሳፋሪዎቻቸው የገደሉን ውበት ለማሳየት መጣጣራቸው ነበር። የአሜሪካ ሰማይ ከጣና ሰማይ አይጠብም። ቦታው ሰፊ ሆኖ ውበቱ ግን አንድ ስፍራ ላይ ነበር።

ዓይንስ የት ሄደ የሚል ይኖራል። ዓይንን አንንቅም፤ ግን ልኩን እንወቅለት። እያንዳንዳቸው በ120 ኖት የሚበሩ ሁለት አይሮፕላኖች ፊት ለፊት ሲመጡ በየሰከንዱ 120 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በመመሪያው እንዳሰላው፥ አብራሪ አንድ ነገር አይቶ፥ ምንነቱን ለይቶ፥ ሊጋጨው መሆኑን ተረድቶ፥ ወስኖ፥ እጁን አንቀሳቅሶ፥ አይሮፕላኑም ታዝዞ እስኪዞር ድረስ 12 ሰከንድ ተኩል ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ 1,500 ሜትር ጨርሰዋል። በ1,500 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት የሚመጣ ትንሽ አይሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ክንፉ ደግሞ ቀጭን መስመር ነው። በበጋ ጠዋት ውሃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት መልክ ሲይዙ፥ የገበሬው የእርሻ ጢስ በአድማስ ላይ ሲጋረድ፥ ያችን መስመር መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ በሐይቁ ዳር ቆሞ ታንኳ የፈለገ ሰው ይገምተዋል።

ከዚህ የከፋ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሰው ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር ቶሎ ያያል። የሚጋጭህ አይሮፕላን ግን በመስታወትህ ላይ አይንቀሳቀስም። ሁለት ታንኳ በሐይቁ ላይ መንገዳቸው የሚቆራረጥ ከሆነ ይህን መመልከት ይቻላል፤ የዚያኛው ታንኳ ወደ ፊትህ እያለፈ ወይም ወደ ኋላህ እየቀረ ከታየህ አትገናኙም። ባለበት ጸንቶ እየጎላ ብቻ ከመጣ ግን ወደ አንድ ነጥብ እየሄዳችሁ ነው። ታንኳ ሲሆን ለመቅዘፍና ለመጮኽ ጊዜ አለ። በሰማይ ላይ ግን ያ ነጥብ ለረጅም ጊዜ በመስታወት ላይ እንዳረፈች ዝንብ ረግቶ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቻ በድንገት ይሰፋል። ጎረቤት አመልካች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዓይን መርጦ እንዲያይ ወዴት መመልከት እንዳለበት አስቀድሞ ይነግረዋል።

እንግዲህ ሣጥኗ ትምጣ እንላለን። ዳሩ ግን «ትምጣ» ማለትና በትክክል ማስቀመጥ ሁለት ነገር ነው፤ ብዙው ጥፋት የሚፈጠረውም በአቀማመጡ ላይ ነውና በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

የ1090 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ በብረት አያልፍም፤ የሰው አካልም ያዳክመዋል። ሣጥኗን ከወንበር ሥር ወይም በቦርሳ ኪስ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡን አባክኗል። ክንፉ ከላይ በሆነ እንደ ሴስና ባለ አይሮፕላን ውስጥ ከዳሽቦርዱ ላይ ብትቀመጥ የፊቱን ትሰማለች፤ ከኋላ የሚመጣውን ግን አብራሪው ራሱ፥ ተሳፋሪዎቹና የአይሮፕላኑ ገላ ይጋርዱባታል። ስለዚህ በጎን ወይም በኋላ መስታወት ከፍ ብላ ብትጣበቅ ይሻላል፤ ለሁለት አቅም ያለው አንዷን በፊት፥ አንዷን በኋላ ያድርግ። አንቴናዋ ቀጥ ብላ ትቁም እንጂ አትጋደም። የጂ.ፒ.ኤስ. ክፍሏም ሰማይ ይታየው። ከማግኔት ኮምፓሱ ትራቅ፤ ጎረቤትን ለማወቅ ሲባል ሰሜንን መሳት ትርፍ የለውም። ሽቦዋ ከመሪው ጋር የማይጠላለፍ፥ በሩንም የማይከለክል ይሁን። መስታወቱ ላይ የሚያጣብቃት ላስቲክ በሙቀት ይለቃል፤ አይሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ከአብራሪው እግር ሥር ብትወድቅ ደግሞ ራሷ አደጋ ትሆናለች። ስለ ሙቀት ካነሣን፥ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው የባሕር ዳር ፀሐይ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ለታብሌትም ለባትሪም ምሕረት የላትም። ታብሌት ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ የሚያጠፋውም ባልተፈለገበት ሰዓት ነው። ፓወር ባንክን በፀሐይ ላይ መተው የእሳት አደጋ መጋበዝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በሣጥኗ ውስጥ የሚስተካከል ነገር አለ። እያንዳንዱ አይሮፕላን ለትራንስፖንደሩ የተሰጠ፥ በስድስት ፊደልና ቁጥር የሚጻፍ አድራሻ አለው። አብራሪው የራሱን አድራሻ ካላስገባ፥ ሣጥኗ የራሱን አይሮፕላን አዋጅ ሰምታ «በአንተው ከፍታ፥ ከአንተው ጋር የተጣበቀ አይሮፕላን አለ» ትለዋለች። ከራሱ ጥላ የሚሸሽ አብራሪ ሆነ ማለት ነው። ሲለምደው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ይንቃል፤ ያም ከሽሽቱ የባሰ ነው። ከፍታም እንዲሁ ነው። አይሮፕላኖች ለአዋጁ የሚጠቀሙት በአየር ግፊት የተለካውን ከፍታ ነው፤ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚሰጠው ከፍታ ከዚያ በጥቂት መቶ ጫማ ሊለይ ይችላል። የራሱን በአንዱ፥ የጎረቤቱን በሌላው የሚለካ ሰው አንድ ገበያ ውስጥ በቁናና በኪሎ ሊዋዋል እንደ መጣ ነው። በላያችን በ35,000 ጫማ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚያልፉት ታላላቅ አይሮፕላኖችም በስክሪኑ ላይ እንዳይጨናነቁ፥ ከራስ በላይና በታች በሁለት ወይም በሦስት ሺህ ጫማ ውስጥ ያሉትን ብቻ እንድታሳይ ማዘዝ ይገባል። ድምፅዋ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይግባ፤ የሞተሩ ጩኸት ባለበት ጋቢና የታብሌት ድምፅ ማን ይሰማል? «በሁለት ሰዓት አቅጣጫ» ስትልም የምትቆጥረው አይሮፕላኑ ከሚሄድበት መንገድ እንጂ አፍንጫው ከዞረበት አይደለም፤ ከሐይቁ የጎን ነፋስ ሲነፍስ ሁለቱ ይለያያሉ፤ አብራሪውም ጥቂት ወደ ግራ ጥቂት ወደ ቀኝ ሰፋ አድርጎ ይፈልግ።

ይህን ሁሉ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ከመሪው አጠገብ መለጠፍ ማንን ይጎዳል? የአቪዬሽን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ይሉናል። ለሬዲዮ ንግግር እውነት ነው። ለማሰብ ግን ግዴታ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሣጥኗ የምትሰማው የሚናገረውን ብቻ ነው። ትራንስፖንደር የሌለው ወይም ያጠፋው አይሮፕላን ለእርሷ የለም። አሮጌ ትራንስፖንደር ያለው አይሮፕላን ደግሞ ከፍታውን እንጂ ስፍራውን አይናገርም፤ አንዳንዶቹ ሣጥኖች «በዚህ ዙሪያ የሆነ ነገር አለ» ብለው ክብ ያሳያሉ፥ በየት በኩል እንደሆነ ግን አያውቁም። በአሜሪካ አገር በምድር ላይ ያሉ ጣቢያዎች በራዳር ያዩትን ለሣጥኖቹ መልሰው ይነግራሉ። የዚያን አገር የአጠቃቀም መጽሐፍ አንብቦ የጣናም ሰማይ እንዲሁ ይነግረኛል ብሎ የሚያስብ አብራሪ በባዶ ስክሪን ይታለላል። ባዶ ስክሪን ማለት ባዶ ሰማይ ማለት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ አገራችንን በወረረ ጊዜ እንደ ታየው፥ ለመርጨትና ለማሰስ የሚሰማሩ አይሮፕላኖች ከተለመደው መንገድና ከፍታ ወጥተው ዝቅ ብለው ይበርራሉ፤ ለመተያየት የሚያስቸግሩትም እንዲህ ያሉት ናቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ወፍ አይናገርም። ባሕር ዳር ይህን ከማንም ከተማ ይበልጥ ልታውቀው ይገባ ነበር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 604፥ ቦይንግ 737 አይሮፕላን፥ 98 መንገደኞችና 6 ሠራተኞች ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሊሄድ ተነሣ። ለመነሣት በማኮብኮቢያው ላይ ሲከንፍ፥ ማቆም ከማይቻልበት ፍጥነት ካለፈ በኋላ፥ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛው ለመመለስ ሲዞሩ ከዳቸው። አብራሪዎቹ አይሮፕላኑን ጎማው ሳይወርድ በሜዳ ላይ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። 35 መንገደኞች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ። ከዓዲስ ዓመት አራት ቀን በኋላ ነበር። ይህን የፈጸሙት ንስር ወይም ጥንብ አንሳ አይደሉም፤ በየጣራችን የምናያት፥ ክንፏ ላይ ነጠብጣብ ያላት የዱር ርግብ ናት። በዓለም ላይ የአይሮፕላንና የወፍ ግጭት ሲነሣ የከተማችን ስም አብሮ ይነሣል። እኛ ግን በየዓመቱ ሆሳዕናን፥ ጥምቀትን፥ አዲስ ዓመትን ስናከብር ስለዚህ ቀን አንድ ቃል የሚናገር ሰው አልሰማንም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 በኒው ዮርክ ዝይዎች የሁለቱንም ሞተሮች ኃይል የነሡት አይሮፕላን በሐድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ሲተርፉ ፊልም ተሠራለት፤ የባሕር ዳሩን ታሪክ ግን ከእኛ ትውልድ ስንቱ ያውቀዋል?

የወፉ ጉዳይ ከርግብ አያበቃም። በበጋ ወራት ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ ረጃጅም ሽመላ መሰል ወፎች በጣና ዙሪያ ሜዳ ይከርማሉ። ፔሊካን አለ፤ ጭልፊት አለ፤ ጥንብ አንሳ አለ። የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ወዴት እንደሚወጣ ማወቅ የሚሻ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 በአቢጃን ላይ አንዱ ከአይሮፕላን ጋር በ37,000 ጫማ መጋጨቱን ያንብብ። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሣጥን አይደለም። መድኃኒቱ ማኮብኮቢያው አጠገብ ያለውን ሣርና ረግረግ መጠበቅ፥ ቆሻሻ የሚጣልበትንና እህል የሚደርቅበትን ስፍራ ማራቅ፥ ወፉ በየትኛው ሰዓት በየት በኩል እንደሚያልፍ መዝግቦ መያዝ ነው። ይህ ሥራ አያምርም፤ በስክሪን ላይ አይበራም፤ ለዚህም ይመስለናል ማንም የማይመኘው።

ስለዚህ ፍርሃታችንን በግልጥ እንናገር። አገራችን የክታብ አገር ናት። ብራና ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለበት ሰው ከቡዳና ከዓይነ ጥላ ተጠበቅሁ ብሎ ልቡ ያርፋል። በውስጡ የተጻፈውን ማንበብ አይጠበቅበትም፤ መኖሩ ይበቃዋል። ጎረቤት አመልካችም በመስታወት ላይ ተንጠልጥላ፥ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለ፥ አብራሪውን እንዲህ አድርጋ እንዳታሳርፈው እንሰጋለን። ሣጥን ያለው አብራሪ ዓይኑን ወደ ስክሪን አጎንብሶ ከሄደ፥ ሣጥን የሌለው ቀና ብሎ የሚያይ አብራሪ ይሻላል። ለዚህ ነው ስክሪኑን ለሁለት ሰከንድ አይቶ የቀረውን ጊዜ ወደ ውጭ መመልከት እንደ ደንብ መያዝ ያለበት። ሁለት ሰው ባለበት ጋቢና አንዱ ሲያበር ሌላው ስክሪኑን ይጠብቅ፤ ይህም ሞተር ከመነሣቱ በፊት በቃል ይወሰን።

ማንን መስማት እንደሚገባ አስቀድሞ አለመወሰን ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 በጀርመን ዩበርሊንገን ታይቷል። ሕፃናት የጫነ የሩሲያ ቱፖሌቭና ዕቃ የጫነ ቦይንግ በሌሊት ሲገናኙ፥ በምድር ያለው ተቆጣጣሪ ቱፖሌቩን «ውረድ» አለው፤ መሣሪያው «ውጣ» አለው። ቱፖሌቩ ሰውን ሰምቶ ወረደ፤ ቦይንጉ መሣሪያውን ሰምቶ ወረደ። 71 ሰዎች አለቁ። በዚያ ሌሊት መሣሪያው ትክክል ነበረ። የእኛ ትንሿ ሣጥን ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የላትም፤ ከሌላው ሣጥን ጋር ተስማምታ «አንተ ውጣ» አትልም። ያለው የት እንደሆነ ብቻ ትናገራለች። በእርሷ ብቻ ተመርቶ፥ በዓይን ሳያይ፥ ለመቆጣጠሪያ ማማው ሳይናገር ከፍታውን የሚለውጥ አብራሪ ከአንዱ ሸሽቶ ሌላው ላይ ሊወጣ ይችላል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ነቅፋችሁ ለምን ትምጣ ትላላችሁ?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው። በሚናገሩት ላይ ጆሮ ማግኘት ከምንም ይሻላል፤ ዋጋዋም ከአይሮፕላኑ የአንድ ሰዓት ነዳጅና ጥገና ጋር ሲተያይ የሚያስደነግጥ አይደለም። በጢስ ዓባይ ላይ የሚዞሩት ሁለቱ ካራቫኖች ሁለቱም ቢናገሩና ሁለቱም ቢሰሙ፥ ፏፏቴውን እያዩ እንኳ አንዱ የሌላውን መምጣት በጆሮው ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምትናገር ሣጥን ከሆነች ግን ሬዲዮ አስተላላፊ ናትና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ግድ ነው፤ በሻንጣ ደብቆ ማስገባትን አንደግፍም። እንዲያውም ባለሥልጣኖቹ ፈቃዱን ቀላልና ግልጥ ቢያደርጉት የሚደብቅ አይኖርም ነበር።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምሕንድስና ጓደኞቻችን አንድ ስትራተክስ ይገጣጥሙ፤ ሰሚ ብቻ ትሁን፥ የምትናገር አይደለችም። ፈቃድ ተጠይቆ ከግቢያችን ሕንፃዎች በአንዱ ጣራ ላይ አንቴናዋ ትቁም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በአንድ የበጋ ወራት ሙሉ የሰማችውን ትመዝግብ። በዚያው ጊዜ እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች በሐይቁ ዳር ሆነን፥ ደብተርና ሰዓት ይዘን፥ በላያችን ያለፈውን አይሮፕላን ሁሉ በዓይናችን እንመዝግብ፤ መንጋ ወፍም ሲያልፍ ከየት ወዴት እንደሆነ እንጻፍ። በወራቱ መጨረሻ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይቀመጡ። ዓይን ያያቸው ሣጥኗ ያልሰማቻቸው ስንት እንደሆኑ፥ ሣጥኗ የሰማቻቸው ዓይን ያመለጡትስ ስንት እንደሆኑ ያን ጊዜ ይቆጠራል። ቁጥሩን ለአይሮፕላን ማረፊያውና ለኮንትራት በረራ ባለቤቶች እንልካለን፤ የወፉንም ገጽ ጭምር።

ደብተሩን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለማግኘት ተስፋ አለን። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ተማሪ ቢያውሰን በጥንቃቄ እንመልሳለን። ለከሰዓቱ ተራ ሰባት ሰዎች ስማቸውን ሰጥተዋል፤ ወፉ በብዛት የሚንቀሳቀስበትን የንጋት 12 ሰዓት ተራ የሚወስድ ግን እስካሁን አልተገኘም።